የቆዩት ምስሎች ለምን ይጠፋሉ?

ጥያቄ፦ አነስተኛ የምድር ምልከታ ሳተላይት ላይ እንሠራለን። በቅርቡ ከባንድል ፕሮቶኮል (ዳታን ባንድል በሚባል እሽግ አድርጎ፣ ግንኙነት እስኪገኝ እያቆየ የሚያስተላልፍ ደንብ) ስሪት 6 ወደ ስሪት 7 ተሻገርን። ከዚያ ወዲህ የሚደርሱን ሳተላይቷ ጣቢያችን ላይ ልትደርስ ስትል ያነሳቻቸው ምስሎች ብቻ ናቸው። ቀደም ያሉት የሉም። የስህተት መልእክትም አናይም። አንቴናውን ፈተሽን፣ ደህና ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አንቴናውን ተዉት። ችግሩ የሬዲዮ ቢሆን ኖሮ አዲሱም አሮጌውም እየተቀላቀለ ይጠፋ ነበር። የእናንተ ግን አሮጌው ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው የባንድሉን ዕድሜ ነው።

እያንዳንዱ ባንድል ሲፈጠር የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍበታል። ጊዜው ካለፈ የያዘው ኖድ (በመንገዱ ላይ ያለው ኮምፒውተር) ይሰርዘዋል። በስሪት 6 ይህ የሚጻፈው በሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስሪት 7 (ደንቡ የተጻፈበት ሰነድ አርኤፍሲ 9171 ይባላል) ግን በሚሊሰከንድ ሆኗል። «አንድ ቀን ይቆይ» ብላችሁ የጻፋችሁት 86400 እንዳለ ከተገለበጠ፣ አሁን 86.4 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው! በዝቅተኛ ምህዋር አንድ ዙር ብቻ 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በየዙሩ ደግሞ ጣቢያችሁን አታገኝም። ምስሉ ወረፋ ላይ እያለ ጊዜው ያልቅበታል። ፕሮቶኮሉ የታዘዘውን ስለሠራ፣ የስረዛ ሪፖርት ካልጠየቃችሁት ትንፍሽ አይልም።

ለሦስት ቀን 259200000 ጻፉ። ቆይ ግን፣ አንዳንድ ሶፍትዌር በሰከንድ ተቀብሎ ራሱ ይቀይረዋል። መመሪያውን አንብባችሁም አትመኑ፤ አንድ ባንድል ይዛችሁ ዋናው ብሎክ (የባንድሉ መነሻ ክፍል) ላይ የተጻፈውን ቁጥር በዓይናችሁ እዩ።

ሰዓቱንም እግረ መንገዳችሁን ፈትሹ። የባንድሉ የፍጥረት ጊዜ የሚቆጠረው ከእ.ኤ.አ. 2000 መባቻ ጀምሮ ነው። ኮምፒውተሯ ዳግም ተነስቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ትናንት የተነሳው ምስል ምድር ላይ የዓመታት አሮጌ ይመስላል። ሰዓቱ የማይታመን ከሆነ የፍጥረት ጊዜውን ዜሮ አድርጋችሁ የባንድል ዕድሜ ብሎክ (ባንድሉ ከተፈጠረ ምን ያህል እንደቆየ የሚቆጥር ክፍል) ጨምሩበት።

ስሪት 6 ላይ በአደራ ማስተላለፍ (ከስተዲ፦ ቀጣዩ ኖድ እስኪረከበው ድረስ የያዘው ኖድ ኃላፊነት የሚወስድበት አሠራር) ትተማመኑ ከነበረ፣ በስሪት 7 ዋና ሰነድ ውስጥ የለም። የጠፋውን እንደገና የሚልክላችሁ ታችኛው ንብርብር (ከባንድሉ ሥር ሆኖ የሚያጓጉዘው ፕሮቶኮል) ነው። ይህ ፕሮቶኮል ኤልቲፒ ከሆነ ዳታው በቀዩ ክፍል (የጠፋው እንደገና በሚላክበት) መሄዱን አረጋግጡ፤ በአረንጓዴው የሄደ ከጠፋ ጠፋ ነው። አንድን ትልቅ ምስል በአንድ ባንድል መላክም አልወድም። ግማሹ አንዱ ጣቢያ ላይ ደርሶ ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ ቀሪው ያንኑ ጣቢያ ሲጠብቅ ይከርማል። ከፋፍሉት።

ቴክኖሎጂውን የሚጠራጠር አለቃ ካለባችሁ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የመጠቀችው የናሳዋ ፔስ ውቅያኖስንና ከባቢ አየርን እያጠናች ዳታዋን የምትልከው በዚሁ በዲቲኤን (መዘግየትንና መቆራረጥን በሚቋቋመው፣ ባንድል ፕሮቶኮል በሚሠራበት ኔትወርክ) ነው በሉት።

ለውጡን ወደ ሳተላይቷ ከመላካችሁ በፊት ምድር ላይ ባለው መሞከሪያ አሠሩት። ምስል እያመነጨ ግንኙነቱን ለሁለት ሰዓት ቁረጡና መልሱት። የመጀመሪያው ምስል ከደረሰ ለውጡን ላኩት። ካልደረሰ ደግሞ የስረዛ ሪፖርቱን አብሩ፤ የምክንያት ኮዱ 1 ከሆነ አሁንም ጊዜው እያለቀ ነው፣ 4 ከሆነ ማከማቻው ሞልቷል።