«አንቺ እኮ ጠይም ነሽ» ማለት ለምን አላጽናናትም?

ጥያቄው ከሀዋሳ የአንዲት እናት ነው። የ15 ዓመት ልጃቸው ከታናሽ እህቷ ትጠቁራለች። የአባታቸው እናት ታናሿን «ቀዮ»፣ እሷን «ጥቁሮ» እያሉ ይጠሯቸዋል። እናት ከልጅቷ ቦርሳ ፊት የሚያቀላ ክሬም አግኝተው ጣሉባት፤ ሌላ ገዛች። አሁን ፊቷ ቀልቶ የጣቶቿ አንጓ እንደጠቆረ ቀርቷል። «አንቺ እኮ ጠይም ነሽ» ሲሏት አኩርፋ ትነሳለች።

ከክሬሙ ልጀምር፣ ጊዜ አይሰጥም። ሁለተኛውን አይጣሉባት። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት)፣ ሃይድሮኪኖን (የቆዳ ቀለም የሚቀንስ ኬሚካል) ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ተቀብቶ በአንዴ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቆጣል፣ ይለበልባል፣ ብጉር ያወጣል፤ ልጅቷም «ያለ እሱ አላምርም» ብላ ወደ ሱቁ ትመለሳለች። ክሬሙን ከነዕቃው ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እንዴት እንደምታቆም እሱ ይንገራት። እስከዚያው ከፀሐይ ኮፍያ ወይም ጥላ አይለያት።

ጠይም ነሽ ማለትዎ ከደግነት ነው። ልጅቷ የምትሰማው ግን «ጥቁር ብትሆኚ ኖሮ ያሳዝን ነበር» የሚለውን ነው። ጥቁረቷን በስሙ ይጥሩት፣ አይናችሁ ያየውንም ይጨምሩበት፦ «ይሄ ቢጫ ሻርፕ በጥቁረትሽ ላይ ፍክት አለ»። በመልክ የምትመስላት አክስት ወይም ቅድመ አያት ካለች ፎቶዋን አውጡላት። የስልኩን ካሜራ ማሳመሪያ ያጥፉት፣ ሳይጠየቅ ፊት ያቀላልና። ስታነሷት ብርሃኑ ከፊቷ ይምጣ እንጂ ከጀርባዋ አይሁን።

እህትማማች ለምን በቀለም ይለያያሉ ብላ ከጠየቀች መልስ አለ። የቆዳ ቀለም የብዙ ዘረ መሎች ድምር ነው፤ ከአንድ እናትና አባት ሁለት ዓይነት ቢወጣ አይገርምም። ኢትዮጵያውያን በተካተቱበት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቆዳ የሚያቀሉትም የሚያጠቁሩትም በርካታ የዘረ መል ልዩነቶች በአፍሪካ ውስጥ ጥንታዊ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱም የዚሁ ምድር ናቸው።

አያትየውን እርስዎ አይናገሯቸው፤ ልጃቸው፣ የልጆቹ አባት፣ ይንገራቸው፣ ቡና ላይ በጎረቤት ፊት ሳይሆን ለብቻቸው። «እማዬ፣ ልጆቹን በስማቸው ጥሪልኝ» ይበቃል። «በፍቅር ነው እኮ!» ማለታቸው አይቀርም፤ እውነታቸውንም ሊሆን ስለሚችል አይከራከራቸው። ሲረሱት ስሟን ብቻ ደግሞ ይጥራት። ይሄ ወራት ይወስዳል።

ታናሿንም አይርሷት። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ ለአሜሪካ ጥቁር ሕፃናት ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት ሲያሳዩ አብዛኞቹ ነጩን መርጠዋል፤ የቀለም ደረጃ ገና በሕፃንነት ይለመዳል ማለት ነው። «ቀዮ» የምትባለውም ዋጋዋ ቆዳዋ እንደሆነ እየተማረች ነው፤ ስሟ ለእሷም ይመለስላት።

ትልቋ ትምህርት ቤት መቅረት፣ ፊቷን መሸፈን ወይም መኖርን መጥላት ከጀመረች ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት።