አሮጌውን የምላስ ማውጫ ማሽን ልግዛው?

ጥያቄ፦ ቤቴ ጓሮ ባለችው ትንሽ ክፍል በርና መስኮት እሠራለሁ። የመጋጠሚያውን ምላስ (በሌላው እንጨት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ጫፍ) በእጅ መጋዝ ማውጣት አደከመኝ። አንድ ወርክሾፕ ሲዘጋ የቀረ አሮጌ ምላስ ማውጫ ማሽን በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በር የምትሠራ ከሆነ ጥቅሙ አያጠያይቅም። እንጨቱ ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ሲገፋ፣ ከላይና ከታች ያሉት የቢላዋ ራሶች የምላሱን ሁለት ፊት ባንድ ጉዞ ይጨርሱታል። በደንብ ከተስተካከለ 20ኛው ምላስ ከ1ኛው አይለይም።

ከመክፈልህ በፊት ቺንጋውን አውልቅና ዘንጉን በእጅህ አሽከርክር። ከተንኮሻኮሸ ወይም ስትነቀንቀው ከተላወሰ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ እሱ ይቀየራል። በጣም አሮጌዎቹ ግን በኩሽኔታ ፈንታ ቀልጦ የፈሰሰ ለስላሳ ብረት ነው ያላቸው። ያንን እንደገና የሚያፈስ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

ጊዛው (ተቀልጦ የተሠራው የማሽኑ የብረት አካል) ላይ ስንጥቅ ካየህ ተወው። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ አዲሱ ቀለም አታሎኝ፣ ከጠረጴዛው ሐዲድ ሥር የነበረውን ስንጥቅ ያየሁት ቤት ካስገባሁት በኋላ ነው። ምላሱ ሁሉ ባንድ ጎኑ እየወፈረ ስንት ጥሩ እንጨት አበላሸብኝ!

ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ስሪ ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ነው፤ የቤትህ መብራት ነጠላ ፌዝ ከሆነ ወደ ስሪ ፌዝ የሚለውጥ መቀየሪያ ያስፈልግሃል። ቢላዋዎቹን ጥንድ ጥንዱን በሚዛን መዝናቸው፤ ክብደታቸው ከተለያየ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል። የቢላዋው መከለያ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አሠራ። ያለ መከለያ አንድም እንጨት እንዳትገፋበት፣ አደራ።