«ሰነፍ ነው» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። በአንቺ አይደለም። «ሦስተኛ ክፍል የማስተምረው ልጅ በቃል ስጠይቀው ጥርት አድርጎ ይመልሳል፤ ወረቀት ስሰጠው ግን ባዶውን ይመልስልኛል። ሰነፍ ነው ወይስ ችግር አለበት? ዳይሬክተራችን ክፍል ይድገም እያሉኝ ነው» ብለሻል። የኔን ተማሪ ነው የነገርሽኝ፣ ቁርጥ እሱን።

1. ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ይሄን ታውቂዋለሽ፣ አልፌዋለሁ።

2. ፊደል በዜማ መውረድን ንባብ ብለሽ አትቁጠሪለት። የኔው ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይተነፍስ ይወርደዋል። «ሚ»ን ነጥዬ ሳሳየው ግን ዝም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦ መ፣ ሙ፣ ሚ... ከዚያ «ሚ!» ይላል። ለእያንዳንዷ ፊደል እንዲህ ከሥር እየተነሳ ቃሉን እስኪጨርስ መነሻው ይጠፋበታል። ታዲያ የሳይንስ ፈተና ባዶ ቢመልስ ሳይንስ አያውቅም ማለት ነው? ጥያቄውን እኔ አነበብኩለት። ውሃ ከሥር ተነስቶ ቅጠል ጋ እንዴት እንደሚደርስ በእጁ እያሳየ ሲያስረዳኝ ጎበዝ የሚባሉት ሁሉ ዞረው አዩት።

ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ከብልህነት ማነስ ጋር አይገናኝም። ዋናው ጣጣ የቃሉን ድምፆች ነጣጥሎ ከምልክታቸው ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ስሙን ግን አንቺ አትስጪው፣ የባለሙያ ሥራ ነው።

3. ያየሽውን ጻፊ፣ ቀን አድርጊበት። «ትኩረት የለውም» ማንንም አይረዳም። «ሲያነብ ሁለተኛውን መስመር ዘለለ፤ በጣቱ ሲከተል አልዘለለም» በይ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ።

ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲፈቀድለት ልጁንና እናቱን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «የባለሙያ ወረቀት አለው?» የለውም አልኩ። «እና ምን ላድርግሽ? የማይገባው ልጅ የትም አለ።» ልጁ እኮ አጠገቤ ቆሟል! አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ያያል። አንቺ እያለ ማንጓጠጡን እንኳ ትቼለታለሁ፣ ይሄን ግን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ባለሙያዋ ጋ ስንሄድ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እስካሁን ምን እገዛ ተደረገለት? ምን ለውጥ አመጣ?» ሆነ። አየሽ ነገሩን? ቢሮው ያለ ወረቀት እገዛ የለም ይላል፤ ወረቀት የምትሰጠዋ ደግሞ መጀመሪያ የተሞከረውን አሳዩኝ ትላለች። እሷስ እውነቷን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ የመማር ችግር አለበት ለማለት ልጁ በሚቸገርበት ነገር ላይ እየታገዘም ችግሩ ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ መሆን አለበት። ደብተሬን አወጣሁላት። አገላብጣ አየችና «ይሄን የጻፈው ማነው?» አለች። እኔ! እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ክፍል ይድገም ስላሉሽ፦ የኔው ልጅ እኔ ጋ ሳይደርስ ደግሟል። ያው መጽሐፍ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው «ጮክ ብለህ አንብብ!»። ትርፉ ታናሽ እህቱ ደርሳበት አብረው መቀመጣቸው ብቻ ነው። ዳይሬክተሩን «በሚደግመው ዓመት ምን የተለየ ነገር ይደረግለታል? በጽሑፍ ይስጡኝ» በያቸው። የኔዎቹ መልስ አልነበራቸውም።

ለነገ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። ጥያቄውን አንብቢለት፣ መልሱን በቃል ተቀበይው። ሳይንስ ስታርሚ የፊደል ግድፈት አትቁጠሪበት። ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጪው፤ «ደብተር አውጡ፣ ገጽ ግለጡ፣ ሦስተኛውን ሥሩ» ባንድ ትንፋሽ ከሆነ ደብተሩ ላይ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ድንገት አስነስተሽ አታስነብቢው፤ አንቀጹን ከዋዜማው ስጪውና ተዘጋጅቶ ይምጣ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ፊደሎቹን ከተራቸው አውጥተሽ፣ ድምፃቸውን እያሰማሽ አለማምጂው። ታክቺያለሽ፣ አውቃለሁ። ገጹ ላይ ባለቀለም ፕላስቲክ አድርጊበት የሚልሽም አይጠፋም። ገንዘብሽን አታባክኚ፤ ንባብ ያሻሽላል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ እሱ ስትጨነቂ ጥግ ላይ በዝምታ የምትፈዘውን ልጅ አትርሻት። የትኩረት ችግር ሁሉ በመራወጥ አይገለጥም። የማይረብሹት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሳይታዩ ነው የሚያልፉት።

ደብተሩን ዛሬውኑ ጀምሪ። አራት ዓምድ ይበቃሻል፦ ቀን፣ ምን ሰጠሁት፣ ምን አደረገ፣ ምን ስቀይር ተሻለው። ዳይሬክተሩ ካስቸገሩሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ የልጁን ስም ሸፍኜ የኔን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።