ለጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመድ ጀልባ ለሚከራዩ ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

በሞቃታማ ውቅያኖሶች ለስፖርት ዓሣ ለማጥመድ በሚከራዩ ጀልባዎች ላይ ለ14 ዓመታት የካፒቴን ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማጥመጃዎቹን ማዘጋጀት፣ እንግዶችን ማገዝና መንጠቆ የያዘውን ዓሣ ወደ ጀልባው ጎን ማስጠጋት ነበር። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ የላካችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ መሆናችሁን ተረድቻለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች በአንድነት መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጀልባውን ለግማሽ ቀን ልከራይ ወይስ ለሙሉ ቀን? ክፍያው ስለሚቀንስ ወደ ግማሽ ቀን አዘንብያለሁ።

መልስ፦ ይህን የሚወስነው ጥልቁ ውሃ ከወደቡ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። በሃዋይ ኮና በሚባለው ዳርቻ ደሴቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው በመሆኑ የባሕሩ ወለል ከየብስ ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ጀልባው ከወደብ እንደወጣ ወዲያው ዓሣውን ወደ መንጠቆው የሚስቡትን ማባበያዎች ወደ ውሃ መጣል ይቻላል፤ ግማሽ ቀንም ትርጉም ያለው ጊዜ ይሆናል። በሰሜናዊው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ግን ጥልቀት የሌለው የአህጉሩ ጠርዝ ሰፊ በመሆኑ ጥልቅ ወደሆነው ሰማያዊ ውሃ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የአራት ሰዓት ኪራይ ከዳርቻው አቅራቢያ ለሚገኙ ዓሦች እንጂ ማርሊን ለሚባለው ግዙፍ የክፍት ባሕር ዓሣ አይበቃም። ስለዚህ ካፒቴኑን «ጉዞው ስንት ሰዓት ነው?» ከማለት ይልቅ «ማባበያው ውሃ ውስጥ የሚቆየው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሐቀኛ ካፒቴን ቁጥሩን ሳያቅማማ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ዓሣ እንደምንይዝ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ወቅቱስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ የሚያዘውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ የሚጠበቀውን ግን መናገር ይቻላል፤ ወቅትም ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው። ለምሳሌ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ዐለት ዳርቻ፣ ከኬርንስ ወደ ሰሜን ባለው ውሃ፣ ግዙፎቹ ጥቁር ማርሊኖች የሚፈለጉት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት የፈረንጆች ወራት ነው። በሌላ ወር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባሕሩን ያያል እንጂ ያሰበውን ዓሣ የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነው።

በሞቃታማ ክፍት ባሕር በብዛት የሚታሰቡት ሰማያዊ ማርሊን፣ ጥቁር ማርሊን፣ በጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ሴይልፊሽ፣ ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና፣ ዋሁ እና ማሂ ማሂ ናቸው። ለጀማሪ የምመክረው የመጨረሻውን ነው፤ ምንም እንኳ ብዙ እንግዶች ማርሊን ካልሆነ ዓሣ አልያዝንም ብለው ቢያስቡም። ማሂ ማሂ ከአምስት ዓመት በላይ የሚኖረው እምብዛም ነው፤ ነገር ግን በፍጥነት ያድጋል፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው መራባት ይጀምራል፣ ሲያዝ ከውሃው ደጋግሞ ይዘልላል፣ ሥጋውም ጣፋጭ ነው። ከተንሳፋፊ ግንድ፣ ከባሕር አረም ወይም ከተጣለ ሣጥን ሥር መጠለል ስለሚወድ ካፒቴኑ በሩቁ የተንሳፈፈ ነገር አይቶ አቅጣጫ ቢቀይር መንገድ ስቷል ብላችሁ አትጨነቁ።

ካፒቴኖች ሰዓቱን ሙሉ የሚፈልጉት ደግሞ ድንበር ነው፤ ሞቃቱ ውሃ ከቀዝቃዛው የሚገናኝበትን፣ አረንጓዴው ቀለም ወደ ጥልቅ ሰማያዊ የሚለወጥበትን፣ የባሕሩ ወለል በድንገት የሚወርድበትን መስመር። በእንዲህ ያለው መስመር ላይ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ ትልልቆቹም ይከተሏቸዋል። ወፎች በአንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ውሃውን ሲመቱ ካያችሁ ከሥራቸው የሚያሳድድ ነገር እንዳለ እወቁ።

ጥያቄ፦ በመኪና ጉዞ እንኳ ያጥወለውለኛል። ጭራሽ ባልሄድ ይሻለኛል?

መልስ፦ ይሂዱ፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከሕመሙ ያስቀድሙ። በጀልባ ላይ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ የተደጋገመው ይህ ነው፤ ሰዎች ማጥወልወሉ ከጀመራቸው በኋላ ክኒን ይውጣሉ፤ ሆድ ግን በዚያን ጊዜ የተቀበለውን መልሶ ይተፋል። እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉት ክኒኖች ከመነሳት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ይወሰዳሉ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ደግሞ ከመነሳት ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ መለጠፍ አለበት፤ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ላለበት ሰው ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙበት። ሁለቱም እንቅልፍ ሊያመጡና አፍ ሊያደርቁ ስለሚችሉ በጉዞው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሞከር በቤት ውስጥ አንድ ቀን ሞክሮ ማየት ብልህነት ነው።

በጀልባው ላይ ደግሞ ወደ ታችኛው ክፍል አይውረዱ፣ ስልክዎን አይመልከቱ፣ የሞተሩ ጭስ ከሚመጣበት ይራቁ፣ መናወጡ አነስተኛ በሆነበት በመካከለኛውና በኋለኛው ክፍል ቆመው አድማሱን ይመልከቱ። በባዶ ሆድ መምጣትም በቅባት በተሞላ ሆድ እንደመምጣት መጥፎ ነው።

የአየር ትንበያ ሲመለከቱ የማዕበሉን ቁመት ብቻ አይዩ። በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለው ጊዜ ከቁመቱ ያላነሰ ይናገራል፤ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ማዕበል በየ12 ሰከንዱ ቢመጣ ጀልባውን በዝግታ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ በየ5 ሰከንዱ ቢመጣ ግን ያንኑ ጀልባ ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው ይውላል። ሆድዎ የሚፈራው ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄ፦ አየሩ ቢበላሽ ጉዞውን የሚሰርዘው ማን ነው? ገንዘቤስ?

መልስ፦ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው፤ ሊሆንም የሚገባው እንዲሁ ነው። እርሱ ከሰረዘ ቀን መቀየር ወይም ገንዘብ መመለስ የተለመደ ነው፤ እርስዎ ከሰረዙ ግን ቅድሚያ ክፍያው ሊቀር ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ ከመላክዎ በፊት ይህ በጽሑፍ ይስፈር። እንግዳ ለምኖት በመጥፎ ባሕር የሚወጣ ካፒቴን ካጋጠመዎት እርስዎ ራስዎ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ ጉልበት የለኝም፤ መንጠቆዬ ትልቅ ዓሣ ቢይዝ ምን አደርጋለሁ? የማጥመጃውን ዘንግ ለረዳቱ ማቀበልስ ይቻላል?

መልስ፦ ዓሣውን የሚያደክመው ክሩ በሚጠቀለልበት መጠቅለያ ላይ ያለው ፍሬን ነው። ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ከሚሸከመው ጉልበት ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ልክ ይስተካከላል፤ 37 ኪሎ ግራም የሚሸከም ክር ከሆነ ዓሣው ክር ለመምዘዝ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል መጎተት ይኖርበታል ማለት ነው። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ዓሣው ሲሮጥ መጠቅለል አቁሞ መተው፣ ሲቆም ደግሞ ዘንጉን በዝግታ ከፍ ማድረግና ወደ ታች እየመለሱ ሳለ በፍጥነት መጠቅለል ነው። በመታገያው ወንበር ላይ በቀበቶ ታስረው ሲቀመጡ ሥራውን እግርዎና የሰውነትዎ ክብደት ይሠሩታል። ክንዱን ብቻ የሚጠቀም ጎረምሳ በሃያ ደቂቃ ዝሎ ሲያበቃ፣ የታዘዙትን በትዕግሥት የሚፈጽሙ አንዲት እናት ከአንድ ሰዓት በላይ ታግለው ማርሊን ሲያስጠጉ አይቻለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ፤ ክሩን በእጅዎ አይያዙ። አንድ እንግዳ የሚሮጠውን ክር በአውራ ጣቱ ለማቆም ሞክሮ ቆዳውን ልጦታል፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው ስለነበር ጥፋቱ የጋራችን ነበር። ከመንጠቆው አጠገብ ያለውን ወፍራም ክር ረዳቱ ሲይዘውም ወደ ጎን ይራቁ፤ በእግር ወይም በእጅ ላይ የተጠመጠመ ክር ሰውን ወደ ባሕር ይዞ ሊገባ ይችላል።

ዘንጉን ስለ ማቀበል፦ ለመዝናናት ከሆነ የሚከለክል የለም። ለክብረ ወሰን ግን በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር ደንብ ግልጽ ነው፤ በትግሉ ጊዜ ሌላ ሰው ዘንጉን ወይም መጠቅለያውን ከነካ ዓሣው አይመዘገብም። አልፍሬድ ግላሴል በ1953 በፔሩ ካቦ ብላንኮ የያዘው ጥቁር ማርሊን ክብደቱ 707 ኪሎ ግራም ከግማሽ ነበር፤ ክብረ ወሰኑም ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሰበር ቆይቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለረዳቱ «ለመዝገብ ነው» ወይም «ለመዝናናት ነው» ብላችሁ ንገሩት፤ በትግሉ መካከል የሚሰጠው እገዛ በዚያ ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ዓሣው ማባበያውን ሲነክስ ዘንጉን በኃይል መሳብ አለብኝ?

መልስ፦ የተጠቀማችሁት ክብ መንጠቆ ከሆነ በፍጹም አትሳቡ። የዚህ መንጠቆ ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ዓሣው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ክሩ ቀስ ብሎ ሲወጠር በአፉ ጥግ ላይ ይሰካል፤ ፈጥነው ከሳቡት ግን ሳይዝ ከአፉ ይወጣል። አጥብቀን የምንጠቀምበት ምክንያት መንጠቆው ሆድ ዕቃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሰካና ተይዞ ወደ ባሕር የሚለቀቀው ዓሣ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ስለሚጨምር ነው። በአሜሪካ የአትላንቲክ ውሃ በሚካሄዱ የማርሊንና የሴይልፊሽ ውድድሮች በተፈጥሮ ምግብ ለሚያጠምዱ ከ2008 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በሞተር የሚጎተቱት ሰው ሠራሽ ማባበያዎች ግን ሌላ ናቸው፤ ጀልባው በሰዓት ከ11 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ዓሣው በነከሰበት ቅጽበት በፍጥነቱ ይያዛል።

ጥያቄ፦ የያዝነው ዓሣ የማን ነው? ወደ ቤት ልወስደው እችላለሁ?

መልስ፦ በብዙ ቦታዎች «የያዘው የእርሱ ነው» የሚል ደንብ የለም፤ ዓሣው የጀልባው የሆነበትና ለእንግዳው ጥቂት ሥጋ ብቻ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው ወደብ ላይ ስለሆነ ይህንንም ከመነሳት በፊት ተስማሙበት።

የሚበላውን ዓሣ በተመለከተ በረዶው ከመንጠቆው እኩል ያስፈልጋል። ቱናና ማሂ ማሂ በሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ባክቴሪያ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ያመርታል፤ ይህም ፊትን የሚያቀላና ራስን የሚያሳምም መመረዝ ያስከትላል። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ዓሣው ወዲያው በበረዶ ውስጥ ካልገባ ፎቶ ለመነሳት በፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የቆየውን አልበላም። ትልቅ ማርሊን ደግሞ በሥጋው ውስጥ ብዙ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ እርጉዝ ሴቶችና ሕፃናት እንዳይበሉት ይመከራል። ከሰማያዊ ማርሊኖች ግዙፍ የሚሆኑት እንስቶቹ ብቻ መሆናቸውንም አስቡ፤ ወንዱ 160 ኪሎ ግራም የሚያልፈው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ትልቁን መግደል ማለት እንቁላል የምትጥለውን መግደል ነው፤ ስለዚህ እኔ ሁሉም ቢለቀቁ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከለቀቅነው ክብደቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ ያለውን ርዝመትና የሰውነቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው በርዝመቱ ያባዙና ለ29,000 ያካፍሉት። 270 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 130 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ማርሊን 157 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ዓሣው ከውሃ ሳይወጣ በጀልባው ጎን መለካት አለበት፤ ካልተመቸ ግምቱን ለረዳቱ ተዉት፤ ረዳቶች ወደ ላይ እንደሚገምቱ ግን አልደብቃችሁም።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጄም አብራኝ ትሄዳለች። ምን ልጠይቅ? ምንስ ልያዝ?

መልስ፦ በልጅዎ ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ሰደርያ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ «አለ» መባሉ አይበቃም። ሬዲዮና በሳተላይት አደጋን የሚያሳውቅ መሣሪያ መኖሩን፣ የካፒቴኑ ፈቃድና የጀልባው መድን የጸና መሆኑን ይጠይቁ። ለእርሷ ደግሞ ግማሽ ቀንና ቀላል ዘንግ ይሻላል። የማያንሸራትት ጫማ፣ ሰፊ ቆብ፣ እጀ ረጅም ልብስና የውሃ ነጸብራቅ የሚቆርጥ የፀሐይ መነጽር ይያዙ። ሙዝ ግን አይያዙ። በጀልባ ላይ ሙዝ መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚል አጉል እምነት አለ፤ እኔ አላምንበትም፤ ሆኖም ካፒቴኑ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ መስማት አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳንይዝ ብንመለስ ገንዘቡ ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም፤ የተከራዩት ጀልባውን፣ ነዳጁንና የሰዎቹን ዕውቀት ነው። ማርሊን ፍለጋ ከወጡ አንድም ንክሻ ሳያዩ መመለስ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ጠዋት ከካፒቴኑ ጋር ፍለጋው የሚያበቃበትን ሰዓት ይቁረጡ፤ ለምሳሌ እስከ እኩለ ቀን ማርሊን ካልነከሰ ትልልቆቹ ማባበያዎች ተሰብስበው ትናንሾቹ ይውጡ፣ ጀልባውም ወደ ቱናውና ወደ ማሂ ማሂው ይዙር። ሰዓቱ ሳይቆረጥ ከቀረ ካፒቴኑ «ጥቂት ብንጠብቅ» ይላል፣ እንግዳውም ይስማማል፣ ሁለቱም ሙሉውን ቀን በዚያው ይጨርሱታል።