ጎተም ጥሩ ጀምሮ የት ጠፋ? ጥያቄና መልስ

ጎተም የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲጀመር ጀምሮ የተከታተልኩ ሰው ነኝ። በቅርቡ ደግሞ መቶውንም ክፍል ደግሜ አየሁት። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥ፦ ላላየው ሰው፣ ስለምንድን ነው?

መ፦ ባትማን ከመምጣቱ በፊት ስለነበረችው ከተማ ነው። ፎክስ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአምስት ሲዝን አሳይቶታል። ኋላ ባትማን የሚሆነው ብሩስ ዌይን ገና ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ ዓይኑ እያየ ይገደላሉ። ጉዳዩን የሚይዘው ጂም ጎርደን የሚባል አዲስ መርማሪ ነው። ዋናው ባለታሪክ እሱ ነው። ሐሳቡ ቢያንስ እንደዚያ ነበር።

ጥ፦ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ምን አቅም አለው ትላለህ?

መ፦ መጨረሻውን ማወቃችን እኮ አይጎዳውም። ጎርደን አንድ ቀን ኮሚሽነር እንደሚሆን እናውቃለን። የማናውቀው እዚያ እስኪደርስ ምን እንደሚያስከፍለው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እዩት። የከተማዋ የማፊያ አለቃ ፋልኮኒ «ከእኛ ጋር መሆንህን አሳይ፤ ይሄን ሰውዬ ግደል» ያሰኘዋል። ሰውዬው ኋላ ፔንግዊን የሚባለው ኦስዋልድ ኮብልፖት ነው። ጎርደን ውሃ ዳር ይወስደዋል። ሽጉጡን ጭንቅላቱ አጠገብ ይተኩስና ገፍትሮ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ባልደረባው ቡሎክ ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ ሰውዬው የሞተ ይመስለዋል።

አሁን አስቡት። ንጹሑ ፖሊስ ገዳይ ነው ተብሎ ታመነ። እውነቱ ከወጣ ደግሞ የሚሞተው እሱ ነው። እኔ ብሆን ይህችን ምሥጢር ሲዝኑን ሙሉ እንደ እሳት አዳፍኜ አቆያት ነበር። እነሱ ግን በስድስተኛው ክፍል ኮብልፖትን በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ አስገብተው ስሙን አስነገሩት። በቃ፣ ተበላች።

ጥ፦ ታዲያ ችግሩ ችኮላ ነው?

መ፦ አዎ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? የመጀመሪያው ሲዝን 22 ክፍል ነበረው። ብዙዎቹ ክፍሎች የራሳቸው ወንጀለኛ አላቸው። አንዱ ሰዎችን በትልልቅ ፊኛ እያሰረ ወደ ሰማይ ይለቃል (አልቀለድኩም)። በዚያ ላይ ከባትማን ታሪክ የምናውቃቸውን ስሞች በሙሉ አሁኑኑ ካላየን ተብሏል። ሪድለር ፖሊስ ጣቢያ ይሠራል፤ ካትውማን መንገድ ላይ የምታድር ልጅ ናት፤ የብሩስ ወላጆች ሲገደሉም ተደብቃ ያየች እሷ ናት። እያንዳንዱ ስም ሲመጣ «አወቃችሁት አይደል?» ብሎ የሚጠቅስ ዓይን አለ። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ በኋላ ያደክማል።

ከሁለተኛው ሲዝን ወዲያ ደግሞ የፖሊሱ ታሪክ ጥጉን ያዘ። አርካም በሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሞተ ሰው የሚያስነሳ ዶክተር መጣ። ጄዳ ፒንኬት ስሚዝ የምትጫወታት የወሮበሎች አለቃ ፊሽ ሙኒ ሞታ ተመለሰች። ጀሮም የሚባለው ዕብድ ወንጀለኛም ሞቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት የሚደነግጥ ተመልካች አይገኝም።

ጥ፦ የዕድሜያቸው ነገር አልገባኝም። ብሩስ ልጅ ነው፣ ጠላቶቹ ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

መ፦ ልክ ነህ፤ መድኃኒትም የለውም። ብሩስ ጎልምሶ ጭምብል እስኪያጠልቅ ፔንግዊን ስለ ጉልበቱ ሕመም ማውራት ይጀምራል። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። በኮሚክሱ (በሥዕል ታሪኩ መጽሐፍ) ባትማን ሲመጣ ነው ከተማዋ የምታብደው፤ እነዚያ ጭምብለኛ ወንጀለኞች ለእሱ መምጣት መልስ ናቸው። እዚህ ግን ዕብደቱ ቀድሞ አለቀ። ለባትማን ምን ቀረለት?

ጥ፦ የባትማን ዋና ጠላት ጆከር አለ ወይስ የለም?

መ፦ አለም የለምም። ካሜሮን ሞናሃን መጀመሪያ ጀሮምን፣ ኋላ መንትያውን ጀረማያን ተጫወተ። ሳቁም ዕብደቱም የጆከር ነው፤ ስሙ ግን አይጠራም። ልጁ በጣም ጎበዝ ነው፤ የበደለው ድርሰቱ ነው።

ጥ፦ የሱፐርማንን ወጣትነት ከሚተርከው ተከታታይ ድራማ ከስሞልቪል ጋር ስታወዳድረውስ?

መ፦ ስሞልቪል አሥር ሲዝን ሲሄድ ክላርክ (ኋላ ሱፐርማን የሚሆነው) የሱፐርማንን ልብስ እንዳይለብስና እንዳይበር ሕግ አውጥቶ ነበር። አንዳንዴ ያሰለቻል፤ ግን መጠበቅ ያውቅበታል።

ጥ፦ ምንም የምትወድለት ነገር የለም?

መ፦ እንዴ፣ ባልወደው ሁለቴ አየው ነበር? ሮቢን ሎርድ ቴይለር ፔንግዊንን ሲጫወት ከሌላው ሁሉ በላይ ነው። እያነከሰ፣ እየተለማመጠ፣ ጃንጥላ እየያዘ ይጀምራል። እናቱ ቤት ሲገባ ልጅ ይሆናል፤ ከቤት ሲወጣ ሰው ያርዳል። እሱን ማንም አላጣደፈውም። ሲወርድም ሲወጣም ደረጃ በደረጃ አየነው። ለጎርደን የነፈጉትን ትዕግሥት በሙሉ ለእሱ ሰጥተውታል።

ጥ፦ ልጀምረው?

መ፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች እይ። ፔንግዊን ከያዘህ ቀጥል፤ ካልያዘህ ተወው። ባትማንን ለማየት ከሆነ ግን የመጨረሻው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱም ለጥቂት ሰከንዶች።