መልስ፦ በየወሩ የትል መድኃኒት ይወስዳል፣ ፈረሴ ግን አሁንም ከሲታ ነው

በየወሩ መስጠቱን አቁም። የምትሰጠውን አልቤንዳዞል የፈረስ ትናንሽ የአንጀት ትሎች በብዙ አገር ተላምደውታል። በደጋገምከው ቁጥር የሚተርፈው መድኃኒቱ የማይገድለው ትል ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ጠዋት ትኩስ ፋንድያ በእፍኝ ያህል ፌስታል ውስጥ አድርግ፣ አየሩን አስወጥተህ እሰር። ፀሐይ ላይ አታቆየው፤ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ቆጠራው ይበላሻል። ማይክሮስኮፕ ያለው የእንስሳት ሐኪም በአንድ ግራም ስንት እንቁላል እንዳለ ይነግርሃል።

2. ክብደቱን በዓይን አትገምት። የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለካና በራሱ አባዛው። ከትከሻ እስከ መቀመጫው ባለው ርዝመት ደግመህ አባዛና ለ11,880 አካፍል። የሚመጣው ኪሎው ነው።

3. ሐኪሙ ያዘዘውን ከሰጠህ ከ14 ቀን በኋላ እንደገና አስቆጥር። ካልቀነሰ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው።

አንተ ባለህበት ጃን ሜዳ አካባቢ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፈረሱ ፋንድያ በጣለበት ሣር ላይ ተመልሶ ይግጣል። ፋንድያውን በሳምንት ሁለቴ በማዳበሪያ ከረጢት ልቀመው፤ ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ከበጎች ጋር መጋጡ ብዙም አያስፈራም፣ አብዛኛው የበግ ትል ፈረስ ላይ አያድግም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት በከብት መርፌው እንዳትወጋው። እኔ ሰው ሰምቼ ፈረሴን ወግቼው አንገቱ አብጦ መግል ቋጠረ። ጎንበስ ማለት አቅቶት ሳምንት ሙሉ ድርቆሹን በእጄ ከፍ አድርጌ አበላሁት። ለፈረስ የሚሆነው በአፍ የሚሰጠው ነው።

ጥርሱንም ለሐኪም አሳይ፤ አንዳንዴ የሚያከሳው ትል አይደለም።