ጥርስ ያበላሸ ሐኪም ይከሰስ ወይስ ይተው?

«ጥርሴን አበላሸብኝ፤ ልክሰሰው?» የሚል ጥያቄ ውጭ አገር ከሚኖሩ የአገር ልጆች ደጋግሞ ይደርሰኛል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግን ጠያቂው ወራት ሙሉ «እግዜር ይይለት» ሲል ከቆየ በኋላ ነው። እግዜር ያያል፤ ፍርድ ቤት ግን ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ይቆጥራል።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ጉዳቱን ካወቃችሁ ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ ያላችሁ 1 ዓመት ነው። ዘግይታችሁ ብታውቁም በአብዛኛው ጉዳቱ ከደረሰ 3 ዓመት ካለፈ አይሆንም። ኦሃዮም በጥቅሉ 1 ዓመት ነው፣ ቴክሳስና ቨርጂኒያ 2፣ እንግሊዝ 3። ስለዚህ ልክሰስ አልክሰስ እያላችሁ ከማውጠንጠናችሁ በፊት ቀናችሁን ቁጠሩ።

ቀጥሎ ክሊኒኩን የሕክምና ሪከርዳችሁን ጠይቁ። ለምን እንደፈለጋችሁት መናገር አይጠበቅባችሁም። አሜሪካ ውስጥ ክሊኒኩ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ እንግሊዝ በአንድ ወር። «ያልከፈላችሁት ሂሳብ አለ» ብለው አሜሪካ ውስጥ ሊከለክሏችሁ አይችሉም። ኤክስሬዩን በወረቀት አትመው ከሰጧችሁ አይበቃም፤ ፋይሉን ራሱን ውሰዱ። የሐኪሙን ማስታወሻ፣ የፈረማችሁትን ቅጽ፣ እናንተን ወደዚያ ክሊኒክ የላከ ሌላ ሐኪም ካለም የሱን ደብዳቤ ጨምሩ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ላሳያችሁ። አሜሪካ ውስጥ የአዋቂ ጥርስ ከ1 እስከ 32 ቁጥር ይሰጠዋል። 19 ከታች በግራ ያለው የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው፣ 30 በቀኝ ያለው አቻው። እናንተን የላከው ሐኪም «30 ይነቀል» ብሎ ጽፎ፣ የነቀላችሁ ሰው ማስታወሻ ላይ 19 ከሰፈረ ብዙ ክርክር አያሻም። ጠበቃ ደስ ብሎት የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው።

አብዛኛው ጉዳይ ግን እንዲህ ቁልጭ ያለ አይደለም። ያልተሳካ ሕክምና ሁሉ ጥፋት አይባልም። ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ውስጥ ሕክምና) ሲሠራ ቀጭኗ መሣሪያ ሥሩ ውስጥ ተሰብራ ልትቀር ትችላለች፤ ጎበዝ ሐኪምም ይገጥመዋል። ሳይነግራችሁ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ገጥሞበት ከሸኛችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ከታች የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ከንፈርና አገጭ መደንዘዙም የታወቀ አደጋ ነው። ጥያቄው ቀድሞ ነግሯችኋል ወይ፣ ኤክስሬዩን በደንብ አይቷል ወይ፣ «ደነዘዘኝ» ስትሉትስ ምን አደረገ የሚለው ነው። «ይለቅሻል» እየተባላችሁ ሳምንታት ከነጎዱ ጠበቃውን ተዉትና መጀመሪያ ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሂዱ። የተጎዳ ነርቭ የሚጠገን ከሆነ ቶሎ ሲታይ ነው የሚሻለው።

«ፈርሜለት የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ፊርማችሁ አደጋውን አውቃችሁ መስማማታችሁን ያሳያል እንጂ ለቸልተኝነት ፈቃድ አይሰጥም። ደግሞም የፈረማችሁት ሳይገባችሁ ከሆነ፣ ያ ራሱ ነጥብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የአሥር ዓመት ልጃችሁ ነበር የሚያስተረጉመው? ጻፉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሜሪካ ያለ ጠበቃ ብዙውን ጊዜ ካሳ ካልተገኘ አያስከፍልም፤ ከተገኘ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ክሱ ግን ያለ ባለሙያ ምስክር አይራመድም። ሌላ ዴንቲስት ሪከርዱን አንብቦ «ይህ ጥፋት ነው፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚህ ነው» ማለት አለበት፣ ለዚህም በሺዎች ይከፈለዋል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ክራውን ይዛችሁ ብትደውሉ ጠበቃው መልሶ ላይደውል ይችላል። አላመናችሁም ማለት አይደለም፤ ሂሳቡ አልወጣለትም።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ሌላ ሐኪም የሚያስተካክለው ከሆነ ለትልቅ ክስ አትሩጡ። የማይመለስ ከሆነ፣ ማለትም ነርቭ ከሞተ፣ ደህና ጥርስ ከተነቀለ ወይም የመንጋጋ አጥንት ከተሰበረ፣ በይሉኝታ አትተዉት። ይህን የሚለይላችሁ ከመጀመሪያው ክሊኒክ ጋር የማይተዋወቅ ሐኪም ነው። እሱንም «አጥፍቷል አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ የሙያ ባልደረባውን ማማት አይፈልግም። «አሁን ምን ይታይሃል? ለማስተካከልስ ስንት ይፈጃል?» በሉትና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥርሱን ከመነካካቱ በፊት ፎቶና ኤክስሬይ ይነሳ።

መካከለኛ መንገድም አለ። ብዙ የአሜሪካ ስቴቶች የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሸማግል ኮሚቴ አለው፤ ከከሰሳችሁ በኋላ ግን በአብዛኛው አይቀበላችሁም። እንግሊዝ ውስጥ በግል ከፍላችሁ ከታከማችሁ ቅሬታችሁን የሚያይ ዴንታል ኮምፕሌይንትስ ሰርቪስ የሚባል አካል አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያይ) ፍርድ ቤት እስከ 12,500 ዶላር ያለ ጠበቃ ያያል። የስቴቱ ዴንታል ቦርድ ሥራው ሐኪሙን መቆጣጠርና መቅጣት ነው፤ ካሳ ከሱ አትጠብቁ። አቤቱታ ማስገባት ደግሞ ይርጋውን ያቆማል ብላችሁ አትዘናጉ።

ቅሬታችሁን ለክሊኒኩ በጽሑፍ ስታቀርቡ ሐኪሙ ራሱ ደውሎ «ከኪሴ ልመልስልሽ፣ በዚሁ ይለቅ» ሊል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ አንድ ምክንያት አለው። በጽሑፍ ለቀረበ የካሳ ጥያቄ ኢንሹራንሱ ከከፈለ ስሙ በፌዴራል መዝገብ ይሰፍራል፤ ከግል ኪሱ ከከፈለ አይሰፍርም። አስፈራሩት ማለቴ አይደለም፤ ለመስማማት እሱም ጉጉት እንዳለው እወቁ ለማለት ነው። ብሩን ሲሰጣችሁ የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ላይ ግን «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል አይጠፋም። ሁለተኛው ሐኪም የማስተካከያውን ሙሉ ዋጋ ጽፎ ሳይሰጣችሁ ብዕር አታንሱ።